ተራውን የቻይና ሳህን ለምን እሰበስባለሁ

አሮጌ የቻይና ሳህን እጄ ሲገባ መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። የፊቱ ሥዕል የትም አይሄድም፤ ደርሶ ይታያል። ብዙ የሚናገረው ጀርባው ነው። በተለይ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበት ቀጭን ቀለበት። እዚያ ጋ መስታወት መሰሉ ልባስ አልደረሰም፤ ሸክላው እርቃኑን ነው። በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ሻካራ ነው ወይስ በዘመን ብዛት ለስልሷል? ዳርቻው ላይ ዝገት የመሰለ ቀላ ያለ መስመር አለው? የአሸዋ ቅንጣት ተጣብቆበታል? ሸክላ ሠሪው በስለት ሲልገው የቀረ ዙር ይታያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳላገኝ ዋጋ አልጠይቅም።

የምኖረው ኔዘርላንድ ነው። አገሩ ለዚህ ፍቅር የተመቸ ነው። ቻይና ውስጥ የተሠራ ሰማያዊና ነጭ ሸክላ እዚህ ወደብ ላይ መራገፍ ከጀመረ 400 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ያለው ሙዚየም ውስጥ ብቻ አይደለም። አንዲት ባልቴት ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ ያደርጋሉ። የሚፈልጉትን ይከፋፈላሉ። ማንም ያልፈለገው ሳህን ወደ ጨረታ ቤት ወይም ወደ ክሪንግሎፕ ይሄዳል። ክሪንግሎፕ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከፋብሪካ ሳህኖች ጋር ተደርድሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሳህን ይገኛል። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ይገኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥንታዊ የቻይና ፖርሴሊን እሰበስባለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚያስበው ገንዘብ ነው። ወይ አለኝ፣ ወይ ላገኝበት ነው። ዜና ላይ የሚወጣው እንዲያ ስለሆነ አልፈርድም። በ2014 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በቼንግኋ ንጉሥ ዘመን የተሠራች፣ ዶሮዎች የተሳሉባት፣ ስፋቷ 8 ሴንቲሜትር ያህል የሆነች ስኒ በ36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ገዢው ሊዩ ይቺየን ወዲያው ሻይ ጠጣባት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279) የቀረች አንዲት ትንሽ የብሩሽ ማጠቢያ ሳህን ከዚያም በላይ አወጣች። እንዲህ ያሉት ዕቃዎች እጅግ ያምራሉ። ሙዚየም ውስጥ ፊታቸው ቆሜ ጊዜው ሳይታወቀኝ ያልፋል። ቤቴ ግን አልመኛቸውም። ለቤተ መንግሥት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም የሚኖሩት በዘበኛ ነው።

እኔን የሚገዛኝ ለንግድ የተሠራው ነው። በመቶ ሺዎች እየተቆጠረ በሣጥን ታሽጎ የተላከው። ሾርባ የተበላበት፣ ሻይ የተጠጣበት፣ ከንፈሩ የተሸረፈው። ከመጀመሪያው ለሰው ቤት ነው የተሠራው። ሰው ቤት ውስጥ ማየቱ ደስ ይለኛል።

እንዴት እንደተሠራ ሳያውቁ ግን ይህን ዕቃ መውደድ ይከብዳል። ጂንግደዠን የሚባል ከተማ አለ፤ ደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ጂያንግሺ ግዛት ውስጥ። ከሺህ ዓመት በላይ ሸክላ ተሠርቶበታል። ዛሬም ይሠራበታል። የከተማው ሀብት አፈሩ ነበር። ፖርሴሊን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ነው። ሁለተኛው ተወቅጦና ተነጥሮ የሚገባ የድንጋይ ዓይነት ነው። ካኦሊኑ ዕቃው እሳት ውስጥ ቅርጹን ይዞ እንዲቆም ያደርገዋል። ድንጋዩ እየቀለጠ መስታወት ይሆንና ሁሉን አንድ ላይ ያያይዛል። ይህ የሚሆነው 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጀበናና ድስት የሚበስልበት እሳት እዚህ ሙቀት አጠገብ አይደርስም። ከእቶኑ የሚወጣው ዕቃ ውሃ አያሳልፍም። ቀጭን ከሆነ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ መብራት ፊት ስታነሡት ጣታችሁ በወዲያ በኩል ጥላ ሆኖ ይታያችኋል።

ስለዚህ ሥራ ብዙ የምናውቀው ፍራንሷ ዣቪዬ ዳንትረኮል ከሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ነው። ጂንግደዠን ውስጥ ምእመናን ነበሩት። ከእነሱ የሰማውንና በዓይኑ ያየውን በ1712 እና በ1722 በሁለት ረጃጅም ደብዳቤዎች ጽፎ ወደ አውሮፓ ላከ። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱን አልረሳውም። አውሮፓውያን ነጋዴዎች ድንጋዩን ብቻ ገዝተው አገራቸው ወሰዱና ፖርሴሊን ለመሥራት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ይህን የሰማ ቻይናዊ ነጋዴ፣ እነዚህ ሰዎች ያለ አጥንት በሥጋ ብቻ የሚቆም ገላ ፈለጉ አለ። አጥንቱ ካኦሊኑ ነበር።

አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሰው እጅ ያልፋል ብሎም ጽፏል። ሥዕሉ እንኳ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አንዱ ከንፈሩ ሥር ያለችውን ክብ መስመር ብቻ ያሰምራል። ሌላው የአበባውን ንድፍ ያወጣል። ሦስተኛው ቀለም ይሞላል። ተራራና ውሃ የሚስለው ወፍና እንስሳ ከሚስለው ይለያል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሳህኖቼን የማይበት ዓይን ተለወጠ። መስመሩ በአንድ ትንፋሽ የተሰመረ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ መስመር ያሰመረ ሰው እጅ ነው። አጠገቡ ያለችው ወፍ ግን ችኮላ ይታይባታል። አንዱ ክንፍ ቀለሙ ከንድፉ ወጥቶ ፈሷል። የቀኑ መጨረሻ ነበር? ሠሪው ለማጅ ነበር? ማወቅ አይቻልም። ሰው እንደነበረ ግን ይታወቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥዕሉን ሳይ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ነው። የሚቀባው ባልተተኮሰው ደረቅ ሸክላ ላይ ነው። ደረቁ ሸክላ ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል፤ የተሳሳተውን ማጥፋት የለም። ደግሞም በሚቀባበት ሰዓት ቀለሙ ሰማያዊ አይደለም። ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ ነው። ከላዩ ልባሱ ይደረግበታል፤ እቶን ገብቶ ሲወጣ ነው ሰማያዊ የሚሆነው። ሠዓሊው የሥራውን ቀለም ሳያይ ነበር የሚሠራው። ወፍራም ቢቀባ ይጠቁራል፣ ቢቀጥን ይገረጣል። ሁሉን በልምድ ነበር የሚመጥነው።

አውሮፓ ይህን ምስጢር ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ የጀርመን ክፍል በሆነችው ሳክሶኒ ውስጥ ከ1708 ጀምሮ ባሉት ዓመታት። የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቋመ። የሳክሶኒው ገዢ ብርቱው አውግስጦስ ግን የቻይናውን ዕቃ መሰብሰብ አልተወም። በ1717 ለፕሩሺያው ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥቶ በምትኩ 151 ፖርሴሊን ወሰደ። ከእነዚያ ውስጥ ትልልቆቹ ማሰሮዎች ድሬስደን አሉ። ሰዎች ይህን ታሪክ ለመዝናኛ ያወሩታል። እኔ ሁሌ የማስበው ወታደሮቹን ነው። የቻይና ማሰሮ ታሪክ ሲነገር ስማቸው የማይነሣ 600 ሰዎች። የሚያምር ዕቃ መውደድ እስከ ምን ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ያሳያል።

ወደ ሳህኑ ጀርባ ልመለስ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚታለልበት ቦታ ነውና። መሐል ላይ ስድስት የቻይና ፊደላት በሁለት ረድፍ ተጽፈው ይገኛሉ። ሲነበቡ «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን የተሠራ» ይላሉ። ሚንግ የሥርወ መንግሥቱ ስም ነው፤ ቼንግኋ የነገሠው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰው ይህን አንብቦ 500 ዓመት የሞላው ሀብት አገኘሁ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ከ200 ዓመት በኋላ፣ በንጉሥ ካንግሺ ዘመን (1661–1722) ወይም ከዚያም ወዲህ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ሁሉ ለማጭበርበር አይደለም እንዲህ የጻፉት። የቼንግኋ ዘመን ሥራ እንደ ከፍተኛ መለኪያ ይታይ ነበር። ስሙን መጻፍ ለቀደሙት ክብር መስጠት ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። በ1677 የጂንግደዠን ሹም የነገሠውን ንጉሥ የዘመን ስም ሸክላ ላይ መጻፍ ከለከለ። ዕቃው ሲሰበርና ቆሻሻ ላይ ሲጣል የንጉሡ ስም እንዳይዋረድ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ የድሮ ንጉሥ ስም ጻፈ። አንዳንዱ ቅጠል ሳለ። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉን የሚከቡትን ሁለት ክብ መስመሮች ብቻ አስምሮ መሐሉን ባዶ ተወው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጡት በተራቸው የካንግሺን ስም ጻፉ።

ስለዚህ ምልክት ቢበዛ ጥርጣሬ ይቀሰቅስብኛል እንጂ አያረጋጋኝም። ሸክላው ራሱ፣ ክብደቱ፣ የመቀመጫው አቆራረጥ፣ የልባሱ ቀለም ይበልጥ ይታመናሉ። ዕቃው እቶን የሚገባው በሸክላ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነበር፤ ከሥሩ አሸዋ ይነጠፋል። ያ አሸዋ ነው መቀመጫው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው። ቀላ ያለው መስመር ሸክላው ውስጥ ካለው ትንሽ ብረት የመጣ ነው። በአገልግሎት የመጣ ጭረት ደግሞ ሥርዓት የለውም። ሌላ ሳህን ከላይ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ይበዛል፤ አቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው። ፎርጅዱ ላይ ጭረቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ፣ ሁሉም ቦታ እኩል የተዳረሰ ይሆናል። መቀመጫው በቡናማ ቀለም ተነክሮ ያረጀ እንዲመስል ይደረጋል። የዛሬዎቹ የጂንግደዠን ባለሙያዎች እጃቸው ድንቅ ነው፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ ከሸጠው ሥራቸውን በደስታ እገዛለሁ። ከሥር በላቲን ፊደል የአገሩ ስም ከተጻፈበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ አስገደደች።

ጆሮም ይረዳል። አገር ቤት ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሳይሰማ አይከፍልም። እዚህም ያው ነው። ሳህኑን በአንድ እጅ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ከንፈሩን በጥፍር ቀስ አድርጎ መንካት ነው። ደህናው ያቃጭላል። የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም እንኳ።

ለቤቱ አንድ እውነተኛ ነገር መግዛት ለሚፈልግ፣ ግን ዓይኑን ለማያምን ሰው ሁልጊዜ የምመክረው ከሰጠመ መርከብ የወጣውን ነው። ዘመኑ የታወቀ ነው፤ ክርክር የለውም። ለምሳሌ ኸልደርማልሰን የምትባለው የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ በ1751 መጨረሻ ላይ የቻይናን ወደብ ካንቶንን ለቃ ወደ አገሯ ስትጓዝ በጥር 1752 መጀመሪያ ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ዓለት መትታ ሰጠመች። ከ112 ሰዎች የተረፉት 32 ናቸው። የጭነቷ ዋና ዋጋ ሻይ ነበር። ፖርሴሊኑ ከሻይ ያነሰ ዋጋ ነበረው፤ ከባድ ስለሆነና ውሃ ስለማያበላሸው ከታች ተደረደረ፤ ሻዩ ከላይ ተጫነ።

የጭነቱ ዝርዝር ተርፏል። ሳነበው ደስ ይለኛል፤ የሰው ቤት ይታየኛልና። ከ63,000 በላይ የሻይ ስኒ ከነሳህኑ። ከ19,000 በላይ የቡና ስኒ ከነሳህኑ። የቸኮላታ ስኒዎች ለብቻ። የቅቤ ሳህን፣ የሾርባ ሳህን፣ የቢራ መጠጫ። ይህን ሁሉ ያዘዙት ነገሥታት አይደሉም። ነጋዴ፣ ጸሐፊ፣ ባለ ሱቅ ቤተሰብ ነው። የሻዩ ስኒ እጀታ የለውም፤ የኛን ስኒ ለሚያውቅ ሰው እጁ ወዲያው ያውቀዋል።

ማይክል ሃቸር የሚባል ጠላቂ በ1985 መርከቧን አገኛት። ከ150,000 በላይ ፖርሴሊንና የወርቅ ጡቦች ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት አምስተርዳም ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ ቤት ተሸጡ። «የናንኪንግ ጭነት» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ጋ ያለው ከእሱ የተገኘ አንድ የሻይ ስኒ ነው፤ ውጪው ቡናማ፣ ውስጡ ሰማያዊና ነጭ። ከሥሩ የጨረታው ክብ ወረቀት እስካሁን ተለጥፎበታል። ወረቀቱን እንዳትልጡት። ማስረጃው እሱ ነው። ልባሱ አንድ ወገን ላይ ደብዝዟል፤ ባሕር ውስጥ የቆየበት ነው። ለአንዳንድ ሰብሳቢ ይህ ጉድለት ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም።

ሌላዋ ቴክ ሲንግ ናት፤ የቻይና መርከብ። በ1822 መጀመሪያ ከቻይናው ወደብ ከሺያመን ተነሥታ ወደ ባታቪያ ስትሄድ ሰጠመች። ባታቪያ የዛሬዋ ጃካርታ ናት። ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ አገራቸውን የለቀቁ ነበሩ። በ1999 350,000 ያህል ሸክላ ወጣ፤ በ2000 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ውስጥ ተሸጠ። ብዙው ዴሁዋ በሚባል ቦታ የተሠራ፣ ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ገበያ የታሰበ ተራ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሥዕሉ ፈጣን፣ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ባየኋቸው ጨረታዎች ትንሹ ጎድጓዳ ሳህን ከ100 ዩሮ በታች ሲሄድ አይቻለሁ። እነዚያን ስደተኞች ሳላስብ ይዤው አላውቅም። የባሕር ጉዞ ምን እንደሆነ፣ ልጁ በባሕር ስለወጣ ቤተሰብ ምን እንደሚሰማ እኛ ሐበሾች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ፤ ልዘለው አልፈልግም። አርኪዮሎጂስቶች የእነዚህን መርከቦች ሽያጭ አጥብቀው ተቃውመዋል። ጠላቂው የሚፈልገው የሚሸጠውን ነው። የመርከቧ አካል፣ የመርከበኞቹ ጫማና ማንኪያ፣ ዕቃው የተደረደረበት ሥርዓት ሳይመዘገብ ይጠፋል። ጭነቱም ወደ ሺህ ቤት ይበተናል። ኢንዶኔዥያ ከደጃፏ ስለተወሰደው ሀብት ተቆጥታ ነበር፤ መብቷ ነው። በ2001 ዩኔስኮ ያወጣው ስምምነት ከባሕር በታች ያለ ቅርስ ለንግድ እንዳይበዘበዝ ይከለክላል። በዚህ እስማማለሁ። ከእነዚያ አሮጌ ሽያጮች የወጣውን፣ ወረቀት ያለውን እገዛለሁ። ከባሕር ሰሞኑን የወጣ ነው ተብሎ ወረቀት ሳይኖረው የሚቀርበውን አልገዛም፤ ቢያምርም አልገዛም። ገዢ ከሌለ ጠላቂ አይወርድም።

የኔዘርላንድ ፍቅር ራሱ የጀመረው በዘረፋ ነው። በየካቲት 1603 የኔዘርላንድ መርከቦች ሲንጋፖር አጠገብ ሳንታ ካታሪና የምትባል የፖርቱጋል መርከብ ማረኩ። በሐርና በፖርሴሊን የተሞላች ነበረች። ጭነቱ በ1604 አምስተርዳም ላይ ተጫረተ፤ ከተማው በቻይና ሳህን ያበደው ያኔ ነው። ምርኮው ሕጋዊ ነበር ብሎ እንዲከራከር የተቀጠረው ወጣት ጠበቃ ሁጎ ግሮቲየስ ነበር። ኋላ የዓለም አቀፍ ሕግ አባት እየተባለ የሚጠራው ሰው ማለት ነው። ሳህኑ ያምራል። ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም። ሁለቱን አብሬ ይዤ መኖር አለብኝ።

አሁን ወደ ቤት። አብዛኞቻችን ያደግንበት ቤት ቡፌ ነበረው። ከመስታወቱ ጀርባ የእንግዳ ዕቃ ይደረደራል። ልጅ አይነካውም። በዓል ሲመጣ ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል። ያን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ዕቃው ክብር ነበረው፣ እንግዳውም ክብሩን ያውቅ ነበር። እኔ ግን ሳህኖቼን እንዲህ አልቆልፍባቸውም። አንዱ የቁልፍ ማስቀመጫ አጠገብ ነው። አንዱ መጻሕፍት መሐል ቆሟል። ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች መስኮት ሥር ናቸው፤ ፖርሴሊን ፀሐይ አይጎዳውም፣ አይደበዝዝም። የጧት ብርሃን ሰማያዊውን ሲነካው የማታው መብራት የማያወጣውን ነገር ያወጣል።

ጠላቱ መውደቅ ነው። በመደርደሪያው ዳር አታስቀምጡ። ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሸጠውን ጠንካራ የሽቦ መያዣ አልወደውም፤ ከንፈሩን ስለሚወጥረው ሳህኑ ላይ ቀስ በቀስ ስንጥቅ ያመጣል። ስታነሡት በሁለት እጅ ከሥሩ ያዙት። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት። ለብ ባለ ውሃ፣ ፎጣ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ማጠብ ይበቃል። ሙቅ ውሃ የድሮ ጥገና ሙጫን ይፈታዋል። የተደበቀ ጥገና ለማየት ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያዙ፤ በጨለማ ሲበራበት የዘመናችን ሙጫና ቀለም ከሸክላው ተለይቶ ያበራል።

ይበላበታል ወይ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በልባሱ ሥር ሰማያዊ የተሳለበት፣ ስንጥቅ የሌለው ስኒ ላይ አልፎ አልፎ ሻይ እጠጣለሁ። ቀይ፣ ሮዝና አረንጓዴ ቀለም በልባሱ ላይ የተቀባበትን ግን ለምግብ አልነካውም። እነዚያ ቀለሞች እርሳስ የሚባለው ብረት አለባቸው። ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ ያወጣዋል። ለዓይን ብቻ ይሁኑ።

በስብስቤ ውስጥ ከሁሉ የምሳሳለት በካንግሺ ዘመን የተሠራ ሳህን ነው። ለሁለት ተሰብሮ ነበር። የሆነ ዘመን፣ የሆነ ባለሙያ በመሰርሰሪያ ጥቃቅን ጉድጓዶች አውጥቶ በብረት ሽቦ ሰፍቶታል። ጉድጓዶቹ ወደ ፊቱ አልዘለቁም፤ ከግማሽ ውፍረት ላይ ቆመዋል። ሸክላን እንዲህ የሚሰፉ ባለሙያዎች ቻይናም አውሮፓም ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ሻጮች እንዲህ ያለውን በሩብ ዋጋ ይሰጡታል፤ አንዳንዱም ሽቦውን አውጥቶ በሙጫ ይደብቀዋል። እንዳታስወጡት እለምናችኋለሁ። ሰው ሰብሮት ያልጣለው፣ ከፍሎ ያስጠገነው ሳህን ነው። ባለቤቱ ምን ያህል ይወደው እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ የለም።

የቻይና ሸክላ ወደኛም ምድር መጥቷል፤ ከአውሮፓ ብዙ ቀድሞ። ድሬዳዋ አቅራቢያ ሃርላ የሚባል ቦታ አለ። የአካባቢው ሰው ግዙፍ ድንጋዮቹን አይቶ፣ የጥንት ግዙፍ ሰዎች የኖሩበት ነው ይል ነበር። በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ሲቆፍረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጡ ዛጎሎች ተገኙ። ከቻይና የመጣ ሸክላ ገልም አብሮ ወጣ። ዕቃው የመጣው ከባሕር ዳርቻ በግመል ተጭኖ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ደቡብም በምሥራቅ አፍሪካ የስዋሂሊ ዳርቻ ሰዎች የቻይና ሳህን በመስጊድና በመቃብር ሐውልት ግድግዳ ውስጥ ይተክሉ ነበር። ሐረር ደግሞ የጥንቱ የአደሬ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ሳህንና ስፌት ግድግዳ ሞልቶ ያገኛል። ዕቃን በግድግዳ ማክበር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ገል ካነሣሁ አይቀር፣ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ ከአሮጌ ስብስብ የወጣ፣ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ አንድ ስባሪ ግዙ። ከቁፋሮ ቦታ ያነሣችሁት አይሁን፤ እዚያው ይቆይ። ጥሩ ስባሪ ደህና ሳህን የማያሳየውን ያሳያል። ሸክላው ውስጡ ምን ያህል እንደ ነጣ፣ ልባሱ ስንት ውፍረት እንዳለው፣ ቀለሙ የቱ ጋ እንደተቀመጠ ከጎኑ ይታያል። ኪስ ውስጥ ይዛችሁት ዙሩ። ከዚያ ሙዚየም ሂዱ። ለንደን ያለው የብሪታንያ ሙዚየም ሰብሳቢው ፐርሲቫል ዴቪድ ያከማቻቸውን 1,700 ያህል ዕቃዎች ያሳያል፤ በ1351 የተሠሩት፣ ዓመታቸው በላያቸው የተጻፈው ሁለቱ ማሰሮዎችም እዚያ ናቸው። ኔዘርላንድ ያላችሁ ሌዋርደን ያለውን የፕሪንሰሰሆፍ ሙዚየም እዩ። ኢስታንቡል የምታልፉ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ግቡ። መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

እኔ አሁን የምፈልገው አንድ የካንግሺ ሳህን ነው፤ ከ1677ቱ ክልከላ በኋላ የተሠራ፣ ከሥሩ ሁለቱ ክቦች ተሰምረው መሐሉ ባዶ የቀረ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ጥሩ ሥዕል ያለው ግን ይወደዳል። የተሸረፈ ወይም የተሰፋ ቢሆን ግድ የለኝም። እንዲያውም የሚደርሰኝ እንደዚያ ከሆነ ነው።